«ሌላ ገዢ መጥቶባታል» ሲሏችሁ… መንገዱን ልቀቁለት!

  

ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም ሳንል በቀጥታ ወደ ደብዳቤ ነው የምንገባው። ከወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም የተላከ ነው። ጸሐፊው ስሜን እንዳታወጡ ብሎ ለምኖናል፤ ባይለምነንም አናወጣም። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦

«ዕድሜዬ 29 ነው። የራሴ ሥራ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልቤን የሚያሸፍተው ሁለት በር ያላት ስፖርት መኪና ናት። አሁን አንዲት ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ተገኝታለች። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ የሚሸጥልኝ ወኪሉ ነው። መጀመሪያ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር አሉኝ፤ ተከራክሬ ተከራክሬ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ አድርሻታለሁ። ደላላው ግን ‹እስከ ቅዳሜ 200 ሺህ ቀብድ ካላስያዝክ ሌላ ገዢ መጥቶባታል› ይለኛል። ብሩ አለ፤ ግማሹ ግን የእጮኛዬ ነው። ለሠርግና ለቤት ብለን በእቁብ ያጠራቀምነው ነው። ብነግራት እምቢ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ገዝቼ ስመጣ ግን ደስ የሚላት ይመስለኛል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞስ ከዚህ በላይ ማስቀነስ ይቻላል?»

አይ ወንድሜ! ሁለት ጥያቄ የጠየቅኸን መስሎሃል። እኛ ስንቆጥረው ሦስት ሆነብን፦ የዋጋው፣ የወረቀቱ እና የእጮኛህ። በየተራ እንያቸው። መጨረሻ ላይ ሦስቱም አንድ ሆነው ብታገኛቸው እንዳትደነግጥ።

ዕውቀቱን ከየት አመጣኸው የምትሉ ካላችሁ፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ፊቷን ባዞረችብኝ ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ከአጎቴ ጋራዥ ስውል ከርሜያለሁ። መፍቻ ከማቀበል አላለፍኩም፤ ነገር ግን መፍቻ የሚያቀብል ልጅ ብዙ ይሰማል!

የማታረጅ መኪና

በሰው አገር አንድ ሰው አዲስ መኪና ገዝቶ ከመሸጫው በር ሲወጣ ያኔውኑ ዋጋዋ ይቀንሳል። ዓመት ባለፈ ቁጥር እየረከሰች ትሄዳለች። በኛ አገርስ? አባት የነዳትን ዲኤክስ ኮሮላ ልጁ ወርሶ፣ አባት ከገዛበት በብዙ እጥፍ ይሸጣታል። የኛ መኪና እንደ ጠጅ ናት፤ በቆየች ቁጥር ትከብራለች።

ምክንያቱ አስማት አይደለም። ከውጭ የምትገባ መኪና ጉምሩክ ቀረጥ አለባት፣ ኤክሳይስ ታክስ አለባት፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ አለባት፤ ያውም አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው የሚሰላው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ የባሰ ሸክም ጫነ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለ መኪና ሁሉ፣ የቆመውም የሚንፏቀቀውም፣ ወርቅ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የምነግርህ ለምንድነው? ደላላው «መኪና አይወርድም፣ ዛሬ ያልገዛ ነገ ይጸጸታል» ሲልህ ግማሽ እውነት እንዳለው እንድታውቅ ነው። ወንድሜ፣ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ግማሽ እውነት ነው ሰውን የሚያስቸኩለው።

ያልነበረ ዋጋ ቅናሽ

ደስ ብሎህ «250 ሺህ አስቀነስኩ» ብለሃል። እስቲ ቀስ በል። ብዙውን ጊዜ ባለንብረቱ ለደላላው «ለኔ ይህን ያህል ይግባልኝ፤ ከዚያ በላይ ያመጣኸው የራስህ ነው» ይለዋል። ባለቤቱ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብሎ ከሆነ፣ ያ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ማን የጠራው ዋጋ ነው? ደላላው ነዋ! ስለዚህ የተቀነሰልህ ከመጀመሪያውም ካልነበረ ዋጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ደላላ ሁሉ ሌባ ነው እያልን አይደለም፤ እንጀራው ነው። በልማድ ከገዢም ከሻጭም 2 ፐርሰንት ይቀበላል። ባንተ ዋጋ ሲሰላ ካንተ ብቻ 37 ሺህ ብር ነው። ችግሩ ደላላው ራሱ ደላላ ሲኖረው ነው። አንዷን መኪና አምስት ሰው በስልኩ ፎቶዋን ይዞ ይዞራል፤ እያንዳንዱ በበኩሉ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። መሸጫ ቤት የቆመችም ብትሆን የቤቱ ናት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹን ባለቤቶቻቸው «ሽጡልን» ብለው ያቆሟቸው ናቸው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከኮሚሽኑ ላይ ሳትከራከር፣ «ኮሚሽንህን አልነካም፤ ዋጋውን ግን ከሻጩ አፍ ልስማ» በለው። እሺ ካለ ጨዋ ደላላ አግኝተሃል። እምቢ ካለ ደግሞ ያው መልሱን ሰጥቶሃል።

ቋንቋቸውንም እንማር። «የሴት መኪና ናት»፣ «ዶክተር ነው የነዳት»፣ «ከሥራ ቤት ከቤት ሥራ ነው»፣ «ሞተሯ ያልወረደ»፣ «ገዝቶ መንዳት ብቻ!» …ሐኪሞቻችን ሁሉ ይህን ያህል መኪና ሲሸጡ መቼ እንደሚያክሙ እንጃ! ከሁሉም የሚጥመው ግን ስልኩ ነው። ልክ አንተ ማመንታት ስትጀምር ይጮሃል። «አዎ፣ እዚሁ ናት… ሰው እያያት ነው… እስኪ ቆዩ» ይላል ጮክ ብሎ፣ አንተን ባይኑ እያየ። ይሄ ነው «ሌላ ገዢ» የሚባለው። ሌላው ገዢ መልኩን ያየው ሰው የለም፤ በየቀኑ ግን ይመጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መንገዱን ልቀቅለት! «ይግዛት፣ ዕድሉ ነው፤ ካልገዛት ደውልልኝ» ብለህ ሂድ። መርካቶ ያደገች እናት የምታውቀው ትልቁ ሚስጥር ይሄ ነው፤ ዋጋ በምላስ ብቻ አይወርድም፣ በእግር ነው የሚወርደው። ሦስት እርምጃ ራቅ ስትል የሚጠራህ ሻጭ የመጨረሻ ዋጋውን ገና አልነገረህም ነበር ማለት ነው። ካልጠራህም ዋጋው በእርግጥ እዚያው ነው። በሁለቱም አንተ አውቀህ ትመለሳለህ።

ከመሄድህ በፊት ደግሞ ከሷ ጋር የሚቀራረቡ ሌሎች ሦስት መኪኖች ዋጋ ጠይቅ። ከዚያም «ውድ ነው፣ ቀንስ» ከማለት ይልቅ ጉድለቷን በወረቀት ላይ ጻፍ፦ አራት ጎማ ይሄን ያህል፣ ፍሪሲዮን ይሄን ያህል፣ ባትሪ ይሄን ያህል። «እባክህ» ለሚል ገዢ ሻጭ ሳቅ ይበቃዋል። ደምሮ ለመጣ ገዢ ግን የሚመልሰው ቁጥር ነው።

የጥምቀት ሎሚና የአሜሪካ ሎሚ

ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለዚሁ ስለ ያገለገለ መኪና ገበያ ጽፎ ነበር። በዚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከሁለት ሌሎች ምሁራን ጋር ተካፍሏል። አሜሪካኖች ላይዋ አምሮ ሆዷ የተበላሸ መኪና «ሎሚ» ይሏታል። የሰውየው ነገር ሲጠቃለል፦ ሻጩ የመኪናዋን ሕመም ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚጠራጠር ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ያኔ ደህና መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ ሎሚው ይበዛል።

በኛ አገር ሎሚ ለጥምቀት የወደዷት ልጅ ደረት ላይ ነው የሚወረወረው። በመኪና ገበያ ግን ወርዋሪው ሻጩ ነው፤ የሚመታው ገዢ ነው! ስለዚህ ሻጩ የሚያውቀውን ሳታውቅ ዋጋ አትጥራ።

እንዴት ታውቃለህ? በማለዳ ሂድ፤ ሞተሯ ሳይሞቅ። አንተ ስትደርስ ሞቃ ከጠበቀችህ «ለምን ተነሳች?» ብለህ ጠይቅ። ስትነሳ ከማርሚታዋ የሚወጣውን ጭስ እይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች። ከሞቀች በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቋረጠች ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ ታበዛለች። ኮፈኗን ከፍተህ የዘይቱን ክዳን ስታነሳ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ ክዳኑን መልሰህ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ሂድ። ፓራፋንጎዋ ላይ ትንሽ ማግኔት አስጠጋ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው እንጂ ላሜራ አይደለም። ጎማዋ ባንድ ወገን ብቻ ከተበላ እግሯ ወይም ሻንሲዋ ይመርመር። የምታሳያት መካኒክም ደላላው «ወንድሜ ነው» ያለህ ሳይሆን አንተ ራስህ ከፍለህ ያመጣኸው ይሁን። ለመካኒክ የሚከፈል ብር ዋጋ የሚያስቀንስ ብር ነው።

ስፖርት መኪናና የኛ አየር

አሁን የሚያስከፋህን ልንገርህ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሯ ስስ ነው። ሯጮቻችንን የሚያጠነክረው ይኸው አየር ሞተርን ያደክማል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ባሕር ዳር ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ እዚህ ያጣል። በወረቀቷ 150 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ልደታ ስትደርስ 120 ገደማ ናት። ሠላሳው ፈረስ ከመንገድ ቀርቷል ማለት ነው! ደላላው ግን 150ውንም ፈረስ ነው የሚሸጥልህ።

ሌላም አለ። ስፖርት መኪና ሆዷ መሬት ቅርብ ነው። የኛን የኮብልስቶን መንገድና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ታውቀዋለህ። ጉብታ በመጣ ቁጥር አንተ ጥርስህን ነክሰህ፣ እሷ ሆዷን ፈትጋ ትሻገራላችሁ። መለዋወጫውስ? ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ከሆነ ሶማሌ ተራ ጎራ ብለህ ከአዲሱም ከአሮጌውም ትመርጣለህ። ለሁለት በር ሴሊካ በር ወይም መብራት ፈልግ ሲሉህ ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ መጠበቅ ሊኖርብህ ነው። መግዛት ሌላ፣ ማኖር ሌላ። ይህ ሁሉ ደግሞ በመከራከሪያ ወረቀትህ ላይ መስፈር ያለበት ነው፤ አንተ ላይ የሚከብደው ነገር ነገ ስትሸጣት የሚገዛህም ሰው ላይ ይከብዳል። ገዢዋ ጥቂት የሆነች መኪና ዋጋዋን የምትጠራው አንተ እንጂ ሻጩ ብቻ መሆን የለበትም።

ላሜራዋን ትተህ ወረቀቷን እይ

እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብበኝ። በሰፈራችን የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ኮሮላ ሊገዙ ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። ጫማቸው አለቀ። በመጨረሻ 30 ሺህ ብር አስቀንሰው እንደ ጀግና ገቡ፤ ሰፈሩ ቡና ተፈላለት። ነገር ግን ስም ከማዛወር ይልቅ «ለጊዜው በውክልና ይሁን፣ ወጪውም ይቀንሳል» ተብለው ነበር። ሊብሬው ላይ ስማቸው ሳይሰፍር ሁለት ዓመት ነዷት። ከዚያ የመኪናዋ ባለቤት ሞቱ። ወራሾች መጡ። «መኪናዋ የአባታችን ናት» አሉ፤ ሊብሬውም የሚለው ያንኑ ነው። ጋሼ 30 ሺህ ያተረፉ መስሏቸው፣ ያን ጊዜ ግን ለጠበቃና ለምስክር መመላለሻ ከዚያ በላይ አወጡ። መኪናዋ ቆማ ጎማዋ ሟሸሸ። ዛሬም ያን ወሬ ስታነሳባቸው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ይነሳሉ።

ውክልና በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ወኪሉ ባለቤቱን ወክሎ ቢሸጥልህ አንድ ነገር ነው፤ ውል ተፈራርመህ ስሙን ወዲያው ወዳንተ ታዞራለህ። መኪናዋን ሳይሸጥልህ ውክልናውን ብቻ ወዳንተ ቢያሻግር ግን የጋሼን ቡና ነው የምትጠጣው።

ያንተ ሻጭ ውጭ አገር ነው ብለሃል። ውክልናው እዚያ ባለው ኤምባሲያችን በኩል የመጣና እዚህም በውጭ ጉዳይና በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ መሆኑን እይ። «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፉን እይ። ሰውየው ያገባ ከሆነ የባለቤቱ ስምምነት፣ ያላገባ ከሆነ የዚያው ማስረጃ ይጠየቃል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር በዓይንህ አመሳክር፤ «ያው ነው» ያለህን አትመን። ፋይሏ ካለበት ጽሕፈት ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣራ። በባንክ የተያዘች ልትሆን ትችላለች፤ ከቀረጥ ነፃ የገባች ሆና ቀረጡ ያልተከፈለባት ልትሆንም ትችላለች። ቦሎዋም የዘመኑ ይሁን።

አሁን ወደ ቀብዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከቀየረ ደግሞ አጥፎ ይከፍላል ይላል። እንግዲህ አስላው፦ ቅዳሜ 200 ሺህ ሰጥተህ፣ ሰኞ መካኒኩ «ሞተሯ አልቋል» ቢልህና ብትተዋት፣ ሻጩ 200 ሺህህን ይዞ ሊቀር ነው። ያውም መቶው ሺህ የእጮኛህ! ስለዚህ መካኒክ ሳያያትና ወረቀቷ ሳይጣራ ቀብድ የሚባል ነገር ከኪስህ አይውጣ። ካወጣህም በጽሑፍ፣ ለደላላው ሳይሆን ለሻጩ ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ፣ በመጠኑም አነስ አድርገህ፣ «ምርመራው ወይም ፋይሏ ችግር ካሳየ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል አስገብተህ ይሁን። እሺ የማይልህ ሻጭ የሚፈራው ነገር አለ።

ሦስተኛው ጥያቄ

አሁን ወዳልጠየቅኸን እንምጣ። ወንድሜ፣ ለምንድነው እስከ ቅዳሜ የቸኮልከው? ደላላው ስላለህ ነው? አይመስለንም። የምትቸኩለው እጮኛህ ሳትሰማ ለመጨረስ ነው። ደብቀህ የምትገዛ ሰው ደግሞ መከራከር አትችልም። መኪናዋን በማለዳ ሄደህ ለማየት፣ መካኒክ ለመውሰድ፣ ሁለት ሳምንት ፋይል ለማጣራት፣ «ሌላው ገዢ ይውሰዳት» ብለህ ለመሄድ ጊዜ ያስፈልግሃል። የደበቀ ሰው ጊዜ የለውም። ደላላውም ይህን ሳትነግረው ካይንህ ላይ አንብቦታል። ዋጋህ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ላይ የቆመው በሴሊካዋ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ባንተ ሚስጥር ምክንያት ጭምር ነው።

«ብነግራት እምቢ ትላለች» ብለሃል። ልትል ትችላለች፤ ግማሹ ብር የሷ ነውና መብቷ ነው። ስትገዛላት ደስ ይላታል ያልከው ግን ላይሆን ይችላል። በገዛ ብሯ፣ ሳትጠየቅ፣ ሁለት ሰው ብቻ እንደ ልብ የምታስቀምጥ መኪና ሲመጣላት የምታየው መኪናዋን አይደለም፤ ነገ ቤታችሁ ውስጥ የሚደበቀውን ሌላ ነገር ነው። እቁቡን ስትጥል ያመነችው አንተን ነው። እሱ ደግሞ መለዋወጫው ሶማሌ ተራም አይገኝም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ዛሬ ማታ ንገራት። ደብዳቤውን እንደጻፍክልን ሁሉንም ንገራት፤ ሕልምህንም ጭምር። እምቢ ካለች ቅዳሜ ለደላላው ደውለህ «ሌላው ገዢ ይውሰዳት» በለው፤ እስከዚያው የራስህን ድርሻ ብቻ ለይተህ ለሕልምህ ማጠራቀም ትችላለህ። ወይም «እሺ ትንሽ አነስ ያለች፣ አራት በር ያላት» ብላ መንገድ ታሳይህ ይሆናል። ይሁን ካለች ደግሞ ይዘሃት ሂድ! ከእናቷ ጋር ገበያ ወጥታ ያደገች ልጅ ከሆነች ዋጋ የምታስቀንሰው እሷ ናት። አንተ ቀይ ቀለሙን ስታይ እሷ የደላላውን ፊት ታያለች። «ና እንሂድ» ብላ እጅህን ስትጎትትህ ደግሞ እሺ ብለህ ሂድ። ከኋላ ትጠራላችሁ፤ ካልተጠራችሁም ብራችሁ ከነሙሉነቱ አብሯችሁ ወደ ቤት ይገባል።

እስኪ ምን እንዳለችህ ጻፍልን። እናንተም አንባብያን፣ በመኪና ግዢ ሎሚ የተወረወረባችሁ ካላችሁ ላኩልን፤ ስማችሁን አናወጣም፣ ሰፈራችሁን ብቻ።

እስከዚያው ቸር ያሰማን! የምትገዙትም መኪና ማልዳ በአንድ ቁልፍ የምትነሳ ያድርግላችሁ።